ምንጭ ይጠቀስ

ሱቄ ከዚራ ናት፣ ከዛፎቹ ጥላ፣
አንድ ማተሚያ አለኝ፣ ቀለም የሚበላ፣
አንድ ቬንትሌተር፣ አንገቱ የላላ።
የባጃጅ ሽያጭ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣
የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ ከነአበባው ቦታ፣
ሁሉን እጽፋለሁ፣ ጠዋት ቢሆን ማታ።

ወንጌላዊ ኤርጫፎ ይዞ የመጣው ግን
መቶ ሃያ ገጽ ነው፣ ፊደሉ እንደ ጉንዳን፣
የሁለተኛ ዲግሪው መመረቂያ ድርሳን።
ርእሱን ለመጨረስ ትንፋሽ ይጠይቃል፦
«በመጽሐፈ ኢዮብ እንደ ተመለከተው፣ በመከራ መካከል
የመጋቢ ድርሻ፦ ጥናትና ማብራሪያ፣ በክፍል በክፍል»።

እኔ ፈትሒያ ነኝ፣ መጋላ ያደግኩኝ፣
ኢዮብን «አዩብ» ብሎ መድረሳ ያስጠናኝ፤
ስለ ትዕግሥቱማ ማን አዲስ ይነግረኝ!
ዕብራይስጡም ቢሆን፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
አልገረመኝም፤ ያው ነው፣ ልጅ ሆኜ ስቀራ።
የፈጀኝስ የግርጌው ማስታወሻ ሥራ፦
«ዝኒ ከማሁ»፣ ገጽ፣ ዓመት፣ አሳታሚ፣
አንዲት ቃል ሊናገር ሦስት ምስክር ለቃሚ!
አማካሪው ደግሞ፣ በቀይ፣ በየጠርዙ፣
«ምንጭ ይጠቀስ» ይላል፤ የሹም ነው ትእዛዙ።
አቦ! ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር
ይህን ሁሉ ምንጭ ከየት ይቆፍር?

ምዕራፍ ሦስት ላይ፣ ገጽ ሰባ አራት፣
ድርግም አለ መብራት።
ቬንትሌተሩ ዞሮ፣ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ ቆመ፤
ሙቀቱ እንደ ባለቤት ገብቶ ተጋደመ።
ወረቀቱ አይታይ፤ የሚያነብልኝ የለ፤
ዝም ብለን ቆይተን፣ «አንድ ሌሊት…» አለ።

«ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል መድበውኝ፣
ጥቅሴን በደብተሬ፣ ክራቫቴን በአንገቴ፣ ላቤ አጠመቀኝ።
አልጋ ቁጥር አሥራ ሁለት፣ አንዲት እናት፣
ልጇ በትኩሳት የነደደባት፤
መብራት የለም፣ እንደ አሁኑ፤
በስልኬ ብርሃን ገልጬ ከኢዮብ ላነብላት ስል
‹ይቅርብህ ወንድሜ› አለችኝ፣ ‹ይልቅ ያን ካርቶን አንሣና
ለልጄ አራግብለት። እጄ ዝሏል። ትንሽ ልተኛ።›
አራገብኩ።
ግራዬ ሲደክም በቀኝ፣ ቀኜ ሲደክም በግራ፣
አዛን እስኪሰማ፣ ሰማዩ እስኪጠራ።
አንድ ጥቅስ ትዝ አላለኝም።
ሲነጋ ተነሣች፤ ካርቶኑን ከእጄ ወሰደች፤
‹ሂድ፣ ትምህርትህ እንዳያልፍህ› አለች።»

ልጁስ? አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝ።
መብራት መጣ። ጉሮሮውን ጠረገና «ገጽ ሰባ አራት» አለኝ።
እኔ ግን፣ ማታ ብቻዬን ስቀር፣ የሰማሁትን በሙሉ
ከሁለተኛው አንቀጽ ሥር ከተትኩት፣ ሳላስፈቅድ፣ እንደ ቃሉ።

በሳምንቱ ደቻቱን ስሻገር፣ አሸዋው እንደ ረመጥ፣
ሁለት ሴቶች ተንበርክከው በጣሳ ሲቆፍሩ አየሁ፤
ክንድ ያህል ወርደው፣ አሸዋው ሲጠቁር፣ ወሬያቸውን አቆሙ፤
ጀሪካኑን አስጠጉ።

ረቂቁ ተመለሰ። ያቺን ገጽ አማካሪው በቀይ ከቧታል፦
«ከጽሑፉ ሁሉ ይህ ይበልጣል።
ምንጭ ይጠቀስ።»

ኤርጫፎ ተቆጣ፤ ኋላ አፈረ፤ «ማን አዘዘሽ?» አለ፤
ያን ቀን ምንም ሳያስጽፍ ወንበሬ ላይ ዋለ።
በነጋታው «ጻፊ» አለኝ፣ «ከግርጌ፣ በደቃቁ ፊደል፦
አልጋ ቁጥር አሥራ ሁለት። ስሟን አልጠየቅኩም። ሌሊት። ካርቶን።»
«ዓመቱስ? አሳታሚውስ?» አልኩት፤ ሥራዬ ነዋ።
ሊስቅ ሲል ተወው።

ሒሳብ ላይ ግን ተከራከርን፦ «ያቺን ገጽ የጨመርሽው አንቺ፣
እኔ ለምን እከፍላለሁ?»
አስከፈልኩት። ቀለም ውድ ነው።

ሲወጣ ቬንትሌተሩን አጠፋሁ፤
ከወረቀት ካርቶን አንድ ክዳን ቀድጄ፣
ባዶውን ወንበር፣ እሱ የተቀመጠበትን፣ ማራገብ ጀመርኩ፣
ሰዓቴን እያየሁ።
ዘጠኝ ደቂቃ። ከዚያ እጄን ቀየርኩ።